«እሰጥ አገባ» ስድብ ነው እንዴ? ቃለ ጉባኤ ጸሐፊዋ ተጨንቃለች

የብሎኩ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማው አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ጋ። ሳልፈልግ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኛለሁ። የምሬን ነው። በምርጫው ቀን አርፍጄ ስደርስ ሁሉም አጨበጨበልኝ። ለምን እንደተጨበጨበልኝ የገባኝ ደብተሩን ሲያቀብሉኝ ነው።

ባለፈው እሁድ ስብሰባ ነበረን። ኮሚናሉ ለለቅሶ ተይዞ ስለነበር ደረጃው ሥር፣ ሮቶዎቹ አጠገብ ቆመን ተሰበሰብን። አጀንዳው አንድ ነው፤ የውሃ ፓምፑ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ተነስቶ ፓምፑን የሚያስነሳ ሰው ከሌለ አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው እስከሚቀጥለው ፈረቃ ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ይኸው ፓምፕ ተቃጠለ። ማን አቃጠለው? ነገሩ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው።

አራተኛ ፎቅ አንድ እናት አሉ። እትዬ ነው የምንላቸው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆነ። ግራውንድ ደግሞ ጡረታ የወጡ አንድ አባት አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። የፓምፑ ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። እትዬ «ውሃ ሳይኖር አስነስተውት፣ እንቅልፍ ጥሏቸው ነው የተቃጠለው» አሉ። ጋሼ «ማስረጃ አምጪ» አሉ። እትዬ «ማክሰኞ ሌሊት ሲያጓራ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ማስረጃ ነው» አሉ። ጋሼ «ከአራተኛ ፎቅ? ማክሰኞ እኮ እኔ ለቅሶ ቤት ነው ያደርኩት» አሉ። እትዬ «እንግዲያው ረቡዕ ነዋ» አሉ። እንዲህ እያለ አርባ ደቂቃ ሄደ። እኔ ደብተሩን ሮቶው ላይ አስደግፌ እጽፋለሁ። አንድ ሰው «ስልኬ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ በሉ» ይላል። ስልኩ ከስብሰባው ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስካሁን አልገባኝም።

ማታ ቃለ ጉባኤውን አሳምሬ ገለበጥኩት። እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አለችበት፦ «የፓምፑን መቃጠል በተመለከተ በአራተኛ ፎቅ ነዋሪዋና በቁልፍ ያዡ መካከል እሰጥ አገባ ተፈጥሯል።» በጨዋ ደንብ የጻፍኩ መስሎኝ ነው። «ጭቅጭቅ» ማለት ከበደኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። «ጸብ» እንዳልል አልተጣሉም። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፌው ተኛሁ።

ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ። ያዋስኳቸውን ረከቦት ሊመልሱ የመጡ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ማነው ያገባው? ማንስ ነው የሰጠው?» አሉኝ። አልገባኝም። ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ለካ የሁለተኛ ፎቅ ጎረምሶች ሲቀልዱበት አድረዋል። «ጋሼ ሰጡ፣ እትዬ አገቡ»፣ «መልሱ መቼ ነው?»፣ «ውሃ ሳይመጣ ሠርግ መጣ» ምናምን። ሥሩ ሣቅ በሣቅ። የእትዬ ዓይን እንባ አቅርሯል። ጥቁሩን ሻሻቸውን ካወለቁ እንኳን ብዙ አልቆዩም።

ልጆቹን ተቆጥቼ አስጠፋሁት። ግን እኔም ብጠየቅ መልስ የለኝም። ቃሉን ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ አላውቀውም። ማን ምን ይሰጣል? ማን ምን ያገባል? ስድብነት አለው? አጻጻፉስ «እሰጥ አገባ» ነው ወይስ «እሰጣ ገባ»? ሁለቱንም ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ። ቅዳሜ ሊፈረም ነው። ላውጣው ወይስ ልተወው?

ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፦

እኔ እስከ ዛሬ «እሰጣ ገባ» የሰፈር ስም ይመስለኝ ነበር። የት ገባ ተብሎ እንደሚጠየቅ ዓይነት። ይቅርታ፣ አልረዳሁሽም። ግን ውሃው መጣ?

ጋሽ ራፖር፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘብኝ።

እኔ ከ30 ዓመት በላይ ራፖር ጽፌ ነው የኖርኩት። ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር፣ በጽሕፈት መኪና። አሁን ቦታውን ኮምፒውተርና ፕሪንተር ያላቸው ልጆች ይዘውታል። እኔም ሰበታ ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ እናንተን አነባለሁ። የሰው ነገር በእጄ ስላለፈ ስለ ነገር ቃላት ትንሽ እናገራለሁ።

በቃሉ እንጀምር። «እሰጥ» ማለት እሰጣለሁ ነው። «አገባ» ማለት አገባለሁ፣ ወደ ቤቴ አስገባለሁ ነው። የድሮ አማርኛ ያቺን የኋላ «አለሁ» ሁልጊዜ አይጎትታትም። ዛሬም በአሉታ ስንናገር «አልሰጥም»፣ «አላገባም» ነው የምንለው። ስለዚህ በቁሙ «እሰጣለሁ፣ አገባለሁ» ነው። ከተረታሁ እሰጣለሁ። ከረታሁ አገባለሁ። ሚስት ማግባትም የወጣው ከዚሁ ከ«ገባ» ነው፤ ሙሽራን ወደ ቤት ማስገባት ነውና። ልጆቹ ሳያውቁት ዘመድ ቃል ላይ ነው የቀለዱት። ቢሆንም ቀልዳቸው ብልግና ነው። ንገሪያቸው።

«እሰጣ ገባ» የሚለው የተሰበረ ነው። በአፍ ቶሎ ሲባል «ጥ»ና «አ» ይጣበቃሉ፤ ጸሐፊው ደግሞ የሰማውን ቦታ ቦታ ቆርጦ ጻፈው። ያኔ «ገባ» ብቻውን ቀረ። ማን እንደገባ አይታወቅም። ከላይ «የሰፈር ስም መስሎኝ» ያልከው ልጅ፣ አልፈርድብህም።

እንዲህ ዓይነት ቃል ደግሞ አማርኛ አያጣም። ሰው የተናገረው ንግግር እንዳለ ደርቆ ስም ይሆናል። «በላ ልበልሃ» በለው፣ «እንካ ሰላንቲያ» በለው። ሰዎች ሲጠሩት የኖሩት ከአፋቸው በወጣው ነው።

እንግዲህ የሚሰጠው ምን ነበር? ውርርድ ነው። ድሮ ሁለት ሰው ዳኛ ፊት ሲቆም ዝም ብሎ አይለፈልፍም። በየነጥቡ ያስይዛል። «ይህን ባላስረዳ ማር!»፣ «ፈረስ!»፣ «በቅሎ!» ይላል። ሌላውም ይቀበላል ወይም ይጨምራል። ያላስረዳ ያስያዘውን ይከፍላል።

አያቴ ቡልጋ ውስጥ በድንበር ጉዳይ የተሟገቱትን ልጅ ሆኜ መቶ ጊዜ ነግረውኛል። ጣልያን ሳይገባ ነው። ጎረቤታቸው የድንበሩን ድንጋይ ሌሊት አንስቶ አንድ ሁለት ክንድ ወደ እሳቸው ማሳ ገፋው። ዳኛው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። አያቴ ኩታቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን እየሰበቁ፣ ወደፊት ሄድ ወደኋላ መለስ እያሉ ይናገራሉ። ሙግት ያኔ ጉልበትም ዜማም ይፈልግ ነበር። ቤት የማይመታ ሰው አይደመጥም። ጎረቤትየው «ድንጋዩን ስነካ ያየኝ ማነው?» አለ። አያቴ በትኩሱ «የደብሩ ቄስ ዐርብ ማለዳ ከማኅሌት ሲወጡ አይተውሃል፤ ባላስረዳ በቅሎዬን!» አሉ።

ቄሱ ተጠሩ። መጡ። «አይቻለሁ፤ ድንጋዩን ታቅፎ ሲሄድ አይቻለሁ» አሉ። አያቴ ደረታቸውን ነፉ። ዳኛው ግን ጠየቁ፤ «በምን ቀን?» ቄሱ አሰብ አደረጉና «ሐሙስ» አሉ።

መሬቱን ረቱ። በቅሎዋን ተረቱ። ያቺ በቅሎ ቦራ ነበረች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ስለ መሬቱ አንድ ቀን አውርተው አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ዐርብና ሐሙስ ነበር። ግን ዳኛውን አልወቀሱም። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እኛ ቤት ተረት አልነበረም፤ የበቅሎዋን መልክ ጭምር እናውቀዋለን።

ልብ ብለሽ ካየሽው ዛሬ ለሌላ ነገር የምንጠቀምባቸው ብዙ ቃላት ከዚያው ዋርካ ሥር የወጡ ናቸው። «ውርርድ» ዛሬ የት ነው ያለው? ቤቲንግ ቤት። ከቤቴ ፊት ለፊት ብቻ ሁለት አሉ። ልጆቹ ወረቀት ይዘው ኳስ ያያሉ። «የበሽታ ቁራኛ»፣ «የሱስ ቁራኛ» ትያለሽ። ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው የሚሄዱበት ደንብ ነው። ባለዕዳውም ከአበዳሪው ጋር እንዲሁ ይታሰር ነበር። ዳኛው ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ሁለት ጠላቶች አንድ መደብ ላይ ተኝተው አስቢው። «ሸንጎ»ም ሰው ለዳኝነት የሚሰበሰብበት ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ደርግ «ብሔራዊ ሸንጎ» ብሎ ፓርላማ አደረገው። የዕድር ሰብሳቢያችሁን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? «የዕድር ዳኛ» አይደል?

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። «ጭቅጭቅ» ሌላ ነው፤ እሱ መጨቅጨቅ ነው፣ አንድን ነገር ደጋግሞ መነዝነዝ። «ንትርክ» እና «አተካሮ» መቋጫ የላቸውም። «ውዝግብ» የተወሳሰበ ነው፤ ጫፉ አይገኝም። «እሰጥ አገባ» ግን ሥርዓት ያለው ነገር ነበር። ሰው አፉን ሲከፍት የሚያጣውን ያውቃል። ስለዚህ ስድብ አይደለም። እንዲያውም ለእትዬ ክብር ነው። አታውጪው። ባይሆን «መልሱ መቼ ነው» ያሉትን ጎረምሶች አንድ ጉንዶ ማር አስከፍያቸው።

ሕግ ተምሬ ሱቅ የከፈትኩ፦

ጋሽ ራፖር፣ በቅሎዋ አሳዘነችኝ። ግን ትንሽ ልቃወምዎ።

ሥርዓቱን በጣም አሳመሩት። ውርርዱ እኮ የሚገባው ለዳኛው ነበር፤ የዳኛው አንዱ ገቢ እሱ ነው። ነገር በረዘመ ቁጥር፣ ውርርድ በበዛ ቁጥር ዳኛው ይጠቀማል። በቅሎ የሌለው ድሃስ? እውነቱን ይዞ በማር ብቻ ሲከራከር፣ ወዲያ ማዶ ያለው ባለጠጋ «ፈረስ!» ሲልበት ድምፁ ይሰልላል። ሴቷን ደግሞ ተዉት።

ያ ሥርዓት በአንድ ጀምበር አልጠፋም። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አድርገው ነበር። ከጣልያን በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶችን እንደ አዲስ ያደራጀ አዋጅ ወጣ። ከዚያ 1958 ላይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መጣ። ክስ በጽሑፍ ሆነ። ዱላ መስበቅ ቀረ፤ ወረቀት ማገላበጥ ተተካ። እርስዎም ጃንጥላ ሥር እንጀራ ያገኙት በዚያ ምክንያት ነው፤ አይደል?

እኔ ሕግ ስማር «እሰጥ አገባ» የሚል ቃል ከአንድም መዝገብ ላይ አላየሁም። መዝገብ ላይ ያለው «ክርክር» ነው። ከሳሽ ክስ ያቀርባል፤ ተከሳሽ መከላከያ መልስ ይሰጣል፤ ከሳሽ ደግሞ የመልስ መልስ ሊያቀርብ ይችላል። (የሁለተኛ ፎቅ ጎረምሶች ይህችን ቢሰሙ ምን ሊሉ ነው? መልስ ብቻ ሳይሆን የመልስ መልስም አለ!) ውርርዱ ቀርቷል ብለን እንዳንደሰት ደግሞ የዳኝነት ክፍያ አለ፤ ሳትከፍል መዝገብ አይከፈትልህም። እሱ ግን ከረታህ ተከሳሹ እንዲተካልህ ትጠይቃለህ። እሰጥ፣ ከዚያ አገባ።

ለጸሐፊዋ የምለው ይህን ነው። ቃሉ ድሮ ምን ነበር የሚለው አንድ ነገር ነው። ዛሬ የሚሰማ ጆሮ ምን ይሰማል የሚለው ሌላ ነው። ዛሬ ሬዲዮ ላይ «እሰጥ አገባ ውስጥ ገቡ» ሲባል ማንም ማርና በቅሎ አይታየውም። የሚታየው ሁለት ሰው ሲጯጯህ ነው። ቃለ ጉባኤ ደግሞ ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሁለት ሰዎች ስማቸው ባይጠራም ማን እንደሆኑ የሚታወቅበት። እትዬ የከፋቸው በከንቱ አይደለም። «የሐሳብ ልዩነት ተነስቷል» ብለሽ ጻፊና ተገላገዪ።

ሱሉልታ ዳገት፦

እኔ የሕግም የራፖርም ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ውሻ ሲያባርረኝ ቅኔውን ትቼ ሮጥኩ። ግን አንድ ነገር ልጨምር።

በግዕዝ «ተዋቀሠ» ማለት ዳኛ ፊት ተሟገተ፣ ተከራከረ ማለት ነው። አማርኛ ላይ ሲደርስ «ወቀሳ» ሆነ። ማለትም ድሮ የፊት ለፊት ሙግት የነበረው ዛሬ ቡና ላይ የሚባል ነገር ሆኗል፤ «ወቀሰችኝ፣ ልክ ናት» ይባላል። ስለዚህ ቃል ከችሎት ወጥቶ ጎረቤት ቤት መግባቱ የእሰጥ አገባ ብቻ ዕጣ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ክርክር» የዋዛ ቃል አይምሰላችሁ። በእኛ ወገን ክርክር ማለት የሃይማኖት ክርክር ነው። ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ ጸጋ እየተባለ ሊቃውንት ስንት ዘመን ተከራክረውበታል። 1870 ዓ.ም. ላይ ቦሩ ሜዳ፣ ከደሴ አጠገብ፣ አጤ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው ነው የተቆረጠው። እዚያ የተረታ የሚያጣው በቅሎ አልነበረም። ስለዚህ «ክርክር» ለስላሳ ነው፣ «እሰጥ አገባ» ሻካራ ነው የምትሉት ነገር አይገባኝም። ለእኔ ተቃራኒው ነው።

ማይክ ያዥ፦

ሬዲዮ ላይ ተባለ ስትሉ ኮራሁም አፈርኩም። የስፖርት ፕሮግራም ላይ እሠራለሁ። እውነቱን ልናገር? «እሰጥ አገባ» የምንለው «ጭቅጭቅ» በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ሲደጋገምብን ነው። «ውዝግብ»ም እንደዚያው። አንድ ሰሞን ፔናሊቲ ሁሉ «አወዛጋቢ» ነበር። አለቃችን አንድ ቀን ስክሪፕቱን ይዘው መጡና «ዛሬ ያልተወዛገበ ነገር ካለ አንብቡልኝ» አሉን። «አከራካሪ» ለማለት ሞከርን፤ ይኼኛው ረጋ ያለ ነው፣ ሰው ተቀምጦ የሚከራከርበት ይመስላል። «አነጋጋሪ» ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፤ ሰው አወራበት ማለት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ «እሰጥ አገባ» ባልኩ ቁጥር ቦራዋ በቅሎ ትታየኛለች። ጋሽ ራፖር፣ ሥራ አበላሹብኝ።

ጋሽ ራፖር፦

የሕግ ተማሪዋ ልክ ነሽ፤ ድሃውን ረስቼዋለሁ። አያቴ በቅሎ ስለነበራቸው ነው እንዲህ የማወራው። ውርርዱ የዳኛ መሆኑም እውነት ነው፤ ያቺ ቦራ በቅሎ የዳኛው ልጅ ሠርግ ላይ ተሸልማ ታይታለች ይሉ ነበር አያቴ። አልዋሽም፣ እዚያ ላይ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን አልረታም። «የሐሳብ ልዩነት» ምን ማለት ነው? ስንት ዓመት ራፖር ጽፌ የሐሳብ ልዩነት ያለው ደንበኛ አንድ ቀን አልመጣልኝም። የሚመጣው «አጥሬን አፈረሰ»፣ «ቀብድ በላኝ» የሚል ሰው ነው። አንዲት ሴትዮ «በመካከላችን አለመግባባት ተፈጥሮ» ብዬ ስጽፍላት ወረቀቱን ነጥቃኝ «አለመግባባት? እኔ በደንብ ነው የገባኝ! ዶሮዬን ነው የበላው!» ብላኝ ነበር። ዶሮዋን በስሟ ጠርቼ እንደገና ጻፍኩላት።

እትዬ የተናገሩት ነገር አላቸው። ፓምፑ ሲያጓራ ሰምተዋል። «የሐሳብ ልዩነት» ብለሽ ከጻፍሽ ጆሯቸውን ነው የሰረዝሽው። ልጄ፣ ጠይቂያቸው። ምን ተብሎ ይጻፍልዎ በያቸው። እኔ ደንበኛ ሳልጠይቅ ጽፌ የተሳካልኝ ጊዜ የለም።

የብሎኩ ጸሐፊ፦

እሺ፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ውሃው አልመጣም።

ሐሙስ ማታ ስልኬን ይዤ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ቡና እየቆሉ ነበር። ቁጭ አልኩና የጋሽ ራፖርን መልስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። መጀመሪያ ዝም ብለው ነው የሰሙት። ማንኪያውን ብቻ ምጣዱ ላይ ያሽከረክራሉ። ቄሱ ተጠርተው ሲመጡ እጃቸው ቆመ። «በምን ቀን?» የምትለው ላይ ስደርስ «ወይኔ!» አሉ። ቡናው አረረ።

«እኔም እኮ ማክሰኞ ብዬ ነው የተረታሁት» አሉኝ። «መስማቱን ሰምቻለሁ። ቀኑን ነው የሳትኩት።»

ከዚያ የሕግ ተማሪዋን አነበብኩላቸው። «የሐሳብ ልዩነት» ሲሰሙ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይኼ የቀበሌ ወሬ ነው። ተይው። የመጀመሪያው ይጻፍ» አሉ። «ግን እሰጥ አገባ ከተባለ ምን እንደምሰጥም ይጻፍ። እንዲያው በባዶ እጄ ስጮህ የዋልኩ እንዳልመስል።»

ምን ላስይዝ ብለው አሰቡ። መሶባቸው አጠገብ ከጎጃም የተላከላቸው ማር አለ። «ሁለት ኪሎ» አሉ። «የሚጠግነው ልጅ መጥቶ ሲፈታው ያ ፓምፕ ውሃ ሳይኖር ሠርቶ ካልተቃጠለ፣ ሁለት ኪሎ ማር።»

ወርጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሣቁ። ቀጥሎ መነጽራቸውን አደረጉና «አንብቢልኝ» አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ አነበብኩ። በቅሎዋ ጋ ስደርስ እሳቸውም «ቀን ስቶ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። እኔ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለ ሐሙስና ዐርብ አዝኛለሁ። ጋሼ «ከተረታሁ የእሷን ጀሪካን አንድ ወር ሙሉ እስከ አራተኛ ፎቅ አወጣለሁ» አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው «ጉልበቱን አያስይዝ፣ ማር ያስይዝ በይው» ብለው መለሱኝ። ደረጃውን የምወጣው የምወርደው እኔ ነኝ። በመጨረሻ እሳቸውም ሁለት ኪሎ ማር አሉ።

ስለዚህ ቃለ ጉባኤው አሁን እንዲህ ይላል፦ «የፓምፑን መቃጠል በተመለከተ በአራተኛ ፎቅ ነዋሪዋና በቁልፍ ያዡ መካከል እሰጥ አገባ ተደርጓል። ሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ኪሎ ማር አስይዘዋል።» የኮሚቴው ሰብሳቢ ይህ ሰነድ ለክፍለ ከተማ እንዳይሄድ ብለው ፈሩ። ቢሆንም ፈረሙ።

ቅዳሜ ጠጋኙ መጣ። ግማሽ ብሎክ ቆሞ ያያል፤ የሁለተኛ ፎቅ ጎረምሶችም አሉ፤ እነሱ ሌላ ውርርድ ሳይገቡ አይቀሩም። ልጁ ፈታው፣ አሸተተው፣ ሽቦውን በጣቱ ቧጠጠው። «መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ነው የተቃጠለው» አለ። ከዚያ ደግሞ «ሲያጓራ ግን የሰማው ሰው አልነበረም? መዞር እያቃተው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ነው ያደረው» አለ።

እትዬ ጋሼን አዩ። ጋሼ እትዬን አዩ። አሁን እትዬ «ሰምቻለሁ አላልኩም?» ይላሉ፤ ጋሼም «ውሃ ሳይኖር ነው አላልሽም?» ይላሉ። ማሩ ማነው የሚሰጠው? ማነው የሚያገባው? ጋሽ ራፖር፣ እባክዎ።

ጋሽ ራፖር፦

እሷ ማጓራቱን ረታች፣ ውሃውን ተረታች። እሱ ውሃውን ረታ፣ ማጓራቱን ተረታ። ሁለቱም ይሰጣሉ።

የሚያገባው ዳኛው ነው። ዳኛ ከሌላችሁ ማሩ ለጸሐፊዋ ነው፤ ደረጃውን የወጣችው እሷ ናት።